መንገድ ዳር ያረፈው ሶፋ

አከራያችን ልጃቸውን ሊድሩ ስለነበር ቤቱን ልቀቁ አሉን። ቃሊቲን ብንዞር ብንዞር በአቅማችን የሚሆን አጣን፤ በመጨረሻ ቂሊንጦ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አገኘን። ዕቃችንን በጭነት መኪና ጭነን፣ እኔና ባለቤቴ ከሹፌሩ ጎን ተጠጋግተን ጉዞ ጀመርን። እሷ ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብላለች። እኔ ደግሞ ስጨነቅ አፌ አያርፍም።

«ሚኒስትር የሆንን አይመስልሽም? የቤታችን ዕቃ ሁሉ አጅቦን ሲሄድ» አልኳት።

«እባክህ፣ ዛሬ እንኳ ተወኝ።»

ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ስንደርስ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ሹፌሩ ወርዶ አየና፣ «ክሪኩ ከነጭነቱ አይችለውም፤ ከባድ ከባዱ ይውረድ» አለ። ሶፋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ፍራሹ አስፋልት ዳር ተደረደሩ። ታክሲ ውስጥ ያለው ሁሉ አንገቱን እያሰገገ የተቀደደውን የሶፋ ክንድ ሳይቀር ያያል።

መቆም አቃተኝ። ጎማው ጋ እሄዳለሁ፣ የጠቆረውን ደመና አያለሁ፣ እመለሳለሁ። ለሹፌሩ ቀለድኩ፤ ለአላፊ አግዳሚው ቀለድኩ። የሳቀልኝ የለም። ባለቤቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሻርፗ ሸፍናለች።

በዚህ መሃል ባዶ ምሳ ዕቃ በፌስታል ያንጠለጠሉ አንድ እናት ከማረሚያ ቤቱ በኩል መጡ። «ልጄን ጠይቄ መመለሴ ነው። ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ትንሽ ልረፍበት?» አሉ።

ባለቤቴ ብድግ አለች። «ይግቡ እማማ፣ ይግቡ! ጫማዎን አያውልቁ፣ ቤቱ ገና አልተወለወለም።»

ጆሮዬን አላመንኩም።

እማማ ተመቻችተው ተቀመጡና ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። «ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። ኪራዩ አይከብድም?»

«ኪራዩስ ደህና ነው፤ ጎረቤት በዛብን እንጂ» አለች፣ ወደ ተሰለፉት ታክሲዎች እያመለከተች።

ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ። የባለቤቴ ሳቅ ሳያልቅ እንባዋ ቀደመው። እማማ ጀርባዋን እያሻሹ፣ «እኔም እዚያ ውስጥ ስቄ ነው የመጣሁት» አሉ። «ልጄ ወጡን ቀምሶ፣ ‹ጨው በዝቶበታል፣ ሌላ ምግብ ቤት ልቀይር ነው› አይለኝም?»

ዝናቡ ሲጀምር ሦስታችን ላስቲክ ዘርግተን ፍራሹ ላይ ያዝን። ሹፌሩ ጎማውን ሲጨርስ እናድርስዎ ብንላቸው፣ መንገዳችን ለየቅል ነው ብለው ታክሲ ተሳፈሩ።

አራተኛ ፎቅ ላይ ዕቃው ገብቶ ሲያልቅ፣ ከላስቲኩ ውጪ የቀረው የፍራሹ ጎን ርሶ አገኘነው። ግድግዳ አስደግፈን አቆምነው። ባለቤቴ መጋረጃ ትሰቅላለች፤ እኔ እግሬ አላርፍ ብሎ ከክፍል ክፍል እመላለሳለሁ።

«ኧረ ተቀመጥ» አለችኝ ወንበር ላይ ቆማ። «ለዛሬ ማንም አያስወጣህም።»