የእጩው የጦር ሜዳ ምስክር

በንጉሡ ዘመን አሰብን ወክለው ለፓርላማ የተወዳደሩ አንድ ነጋዴ ነበሩ። ትልቁ መመኪያቸው ኮሪያ ዘምተው መቁሰላቸው ነው። በዚያ ሙቀት ግራ እግራቸውን እየጎተቱ ይቀሰቅሱን ነበር። እኛ የነዳጅ ማጣሪያው ሠራተኞች ግን «የትኛው ውጊያ ላይ ነው የቆሰሉት?» እያልን አስቸገርናቸው። በመጨረሻ ተናደዱና አብረዋቸው የዘመቱ አንድ ጡረተኛ ሻምበል ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አስመጡ።

ሻምበሉ በሠራተኞች ክበብ ፊታችን ቆመው ከልባቸው መሰከሩ።

«እኚህ ሰው ባይኖሩ በረሃብ ባለቅን ነበር። እንደሳቸው ያለ ወጥ ሠሪ ጦሩ አላየም።»

እጩው አንገታቸውን ደፉ። እኔ ሳቄን እንደምንም ዋጥ አድርጌ፣ «እግራቸውንስ ምን መታቸው?» ብዬ ሻምበሉን ጠየቅኋቸው።

«ድስት ወድቆባቸው ነው፤ ያውም ሙሉ ድስት» አሉ በሐዘኔታ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አለቀላቸው ስንል የከባድ መኪና ሾፌሮች «ጀግና ሞልቷል፤ የሚያበላ ነው የጠፋው» ብለው ድምፃቸውን ሰጧቸው። ሰውየው አሸነፉ። ፓርላማ ውስጥ ሲናገሩ የሰማ ሰው ግን የለም። ማብላቱን ትተው መብላቱን ሳይዙ አልቀሩም፤ በዓመቱ ሲመጡ ከአውሮፕላኑ ቀድሟቸው የወረደው ቦርጫቸው ነበር።