አጉራሽ ያጣ ዓይን

ጎረቤታችን ጋሼ ሙነወር ፀሐይ ስትወጣ ደጃፋቸው ላይ ቆመው አውራ ጣታቸውን አፍንጫቸው ፊት ያቆማሉ። ዓይናቸውን ሳይነቀንቁ ጣቱን ቀስ እያሉ ወደ ጆሯቸው ይወስዱታል፤ ከዓይናቸው የጠፋበት ቦታ ሲደርሱ ያቆማሉ። ድሮ ጆሯቸው ድረስ ይታያቸው ነበር። አሁን ከቅንድባቸው ጫፍ አያልፍም።

በከተማችን ሐይቅ ላይ ዓሣ አስጋሪ ነበሩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው፣ መሸት ሲል ታንኳቸውን ከሸምበቆው ጋር ማጋጨት ጀመሩ።

"ሙኔ፣ ቆሮሶው ዓሣ ሸምበቆ ላይ ወጣ እንዴ?" እያሉ ጓደኞቻቸው ይስቁባቸው ነበር።

እሳቸው አልሳቁም። አባታቸውም በዚያው ዕድሜ ነበር ማታ ማታ ግድግዳ መዳበስ የጀመሩት። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሀኒያ። ከዚያ ወዲህ ከራሳቸው ዓይን ይልቅ የሚፈሩት ለእሷ ዓይን ሆነ።

ባለቤታቸው እትዬ ፈዲላ ዳፍንት ነው አሉ። ለዳፍንት ደግሞ በእኛ አገር ጉበት ነው፤ ሦስት ዓመት ጉበት አበሏቸው።

"ወላሂ፣ የሰፈሩ በግ ሁሉ ሲያየኝ መሸሽ ጀምሮ ነበር" ይላሉ ጋሼ ሙነወር።

ለውጡ በመጣ በዓመቱ፣ በ2011፣ ደሴ ሄደው ለአንድ የዓይን ሐኪም ታዩ። ሐኪሙ የነገራቸውን ቃል በቃል ይዘውታል።

"ጋሼ፣ ከዓይንዎ ጀርባ ብርሃን የሚቀበሉ ሕዋሳት አሉ። ብቻቸውን መኖር አይችሉም። ከሥራቸው የተነጠፈ ጠቆር ያለ ስስ ሽፋን አለ፤ የሚያጎርሳቸው እሱ ነው። በየቀኑ ያረጀ ጫፋቸውን እየቀነጠበ ይበላላቸዋል፣ እነሱም አዲስ ያበቅላሉ። ብርሃን ያደከመውን ቫይታሚን አድሶ ይመልስላቸዋል። የእርስዎ ሽፋን ታሟል። ተቀባዮቹ በረሃብ እየሞቱ ነው።"

"ታዲያ ያ ሁሉ ጉበት?"

"ጉበቱማ ደጅ ድረስ ይመጣል። ቤት ውስጥ የሚያጎርስ የለም።"

መድኃኒት የለውም፣ በዘር ይወርዳል አላቸው። አንዳንዱን ዓይነት ግን በልጅነት ከደረሱበት ማዘግየት እንደሚቻል ጨመረላቸው። ሀኒያ ያን ጊዜ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ጋሼ ሙነወር ግን ተመልሰው ደሴ አልሄዱም።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሲቃረብ የከተማው ሰው ሁሉ ሸሸ። እኛም እነሱም ወደ አርዲቦ ሐይቅ በኩል በእግር ሄድን። መንገድ ላይ መሸት አለብን። ጋሼ ሙነወር የሀኒያን ሻሽ ጫፍ ይዘው ይከተሏት ነበር። ድንገት ቆመች።

"አባዬ፣ ቆይ። መንገዱ ጠፋኝ።"

"ምን ማለትሽ ነው? ገና አልመሸም እኮ!" አሉ እትዬ ፈዲላ ከኋላ። "እኔ አሮጊቷ ጠጠሩን እየቆጠርሁት!"

ሀኒያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደችና ቦይ ውስጥ ገባች። ሻሹን ይዘው ነበርና አባቷም ተከትለው ወደቁ።

"አብሽሩ፣ ሁለታችሁንም አዝዬ እሄዳለሁ" አሉ እትዬ ፈዲላ። ሊያስቁን ነበር። ማንም አልሳቀም። ሀኒያ ጭቃዋን እያራገፈች ተነሣች። አባቷ ግን ቦዩ ውስጥ ተቀምጠው ቀሩ፤ በሁለት ሰው ነው ያነሣናቸው።

ጥር ላይ ይዘዋት ደሴ ሄዱ። የክሊኒኩ በር ተገንጥሏል። ዓይን ውስጥ የሚያዩበት መሣሪያ የለም። ዘበኛው ሐኪሙ ወዴት እንደሄደ አያውቅም።

"ሌላ የት ይታያል?" አሉት።

"ምናልባት አዲስ አበባ። መንገዱ ሲከፈት።"

መንገዱ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ደግሞ ተከፈተ። ሀኒያ አሁን ሰው ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች፤ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ አትቆይም። ባለፈው ሳምንት በጠራራ ፀሐይ የበሩን መቃን በትከሻዋ መታችው።

ጋሼ ሙነወር ይህን ሁሉ ጻፊው አሉኝ። አንዲቷን ነገር ብቻ ተዪልኝ አሉ። በ2011 ሐኪሙ፣ "ልጅ ካለዎት አሁኑኑ ያምጡልኝ፣ ልይ" ብሏቸው ነበር። "አላህ አልሰጠኝም" አሉት። ሀኒያ ኮታቸውን ይዛ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር።