ከግድግዳው ማዶ

ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ እስኪጠራኝ ድረስ ማጥናት ልልመድ ብዬ አርብ ገበያ ከተማ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ክረምቱን ሙሉ በሬን ያንኳኳ ሰው የለም። ያነበብኩት አልያዝ ሲለኝ፣ ቤተ ልሔም ገዳም ዜማ የተማሩት አጎቴ በስልክ "እንደ ቆሎ ተማሪ ድምፅህን አውጥተህ አጥና" አሉኝ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ግድግዳው ላይ አፍጥጬ እጮሃለሁ፦

"በወንጀል ተጠርጥረሃል። ዝም የማለት መብት አለህ። የምትናገረው ሁሉ ማስረጃ ይሆንብሃል።"

አንድ ሐሙስ በሬ ተንኳኳ። ሰው መጣልኝ ብዬ ዘልዬ ከፈትኩ። ከግድግዳው ማዶ የሚኖሩት እህል ነጋዴ ናቸው፤ ሰላምታ እንኳ ተለዋውጠን አናውቅም። ያለችኝን አንዲት ዱካ አቀረብኩላቸው። አልተቀመጡም፤ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

"ልጄ፣ ሚዛኑን አስተካክዬዋለሁ። በቃ፣ ተወኝ።"