ካርታውን የጠቀለልንበት ክረምት

የማተሚያ ቤታችን መቁረጫ በወረደ ቁጥር ከመጻሕፍቱ ጠርዝ ቀጫጭን ወረቀት ይረግፋል። መቀሌ ውስጥ ከእንዳ ኢየሱስ ቁልቁል ሲወረድ ያለች ትንሽ ቤት ናት፤ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ እንጠርዛለን። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለምውል ማታ እግሬ ያብጣል፣ ከሰው ጋር ማውራትም ይታክተኛል። ጣቶቼ ብቻ አይደክሙም። ቁራጭ ወረቀት ካገኙ ሳላዛቸው በእስክሪብቶ ቀፎ ላይ ይጠቀልሉታል። አብራኝ የምትሠራው ልጅ "ደግሞ ጀመረሽ?" ትለኛለች። አዎ፣ ጀመረኝ። የቀለምና የወረቀት ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ ያ ክረምት ይመለስብኛል፤ ምን ላድርግ።

አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። የደሴ ሰው ነው፤ ለሥራ መቀሌ መጥቶ እናቴን አገባና እዚሁ ቀረ። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ በእጁ የሣለው ትልቅ ካርታ ነበር። አባቴ ካርታ ሲሥል ሁልጊዜ ከውሃው ይጀምራል። መጀመሪያ ሐይቆቹንና ወንዞቹን በሰማያዊ ያስቀምጣል፣ ቀጥሎ ተራራውን፣ ወሰኑን መጨረሻ። "ውሃው ቦታውን ከያዘ ሌላው ራሱ ይመጣል" ይለን ነበር። ሰማያዊውን እርሳስ መቅረጽ የታናሽ እህቴ ሥራ ነው፤ ማንም ቢነካባት ቤቱን በለቅሶ ታናውጠዋለች።

ጦርነቱ ሊጀምር ሲል የታመመች እናቱን ሊጠይቅ ደሴ ሄደ። "ቶሎ እመለሳለሁ" ብሎን ነበር። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ተቋረጠ፣ መብራቱም ሄደ። አባቴ በሕይወት ይኑር አይኑር የሚነግረን ሰው ጠፋ። መብራት ስለሌለ ከዓይናለም ጉድጓዶች በፓምፕ የሚመጣው ውሃም ቆሞ ጀሪካን ይዘን ስንንከራተት እንውላለን። እናቴ ግን ጠዋት ጠዋት ካርታውን በደረቅ ጨርቅ ትወለውለዋለች። ፊታችን ሳይታጠብ የዋለበት ቀን ብዙ ነው፤ ካርታው ላይ ግን አቧራ አይቼ አላውቅም።

ነሐሴ አጋማሽ ሲያልፍ አሸንዳ ደረሰ። የልጃገረዶች በዓል ነው፤ ሹሩባ ተሠርተው፣ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ወገባቸው ላይ ለምለም ሣር አስረው፣ አንገታቸውን በጌጥ ሞልተው ከበሮ እየመቱ በየቤቱ ይዞራሉ። ታናሽ እህቴ ከእኩዮቿ ጋር ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። ቀሚሱን የኔን አሳጠርንላት። ለአንገቷ የሚሆን ግን አልነበረንም፤ የእናቴ ጌጣጌጥ ገና በጠዋቱ ተሽጦ ዱቄት ተገዝቶበታል።

ዘዴውን ለሰፈሩ ልጆች ያመጣችው ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ናት። ወረቀቱን ከአንድ ወገን ሰፊ፣ ከሌላው ሹል አድርጎ መቁረጥ፤ ከሰፊው ወገን ጀምሮ ስቴኪኒ ላይ ማጠንጠን፤ ጫፉን በኮላ ማጣበቅ፤ ስቴኪኒውን መምዘዝ። ሆዱ ወፍራም፣ ጫፍና ጫፉ ቀጭን ዶቃ ይወጣል። ኮላ የለም ስንላት ሳቀችብን።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ በለስ እያለልን ኮላ ምን ያደርግልናል?"

አጥሩ ላይ ከበቀለው የበለስ ቁልቋል አንዱን ቆርጣ ሰነጠቀችው፣ ከውስጡም ዝልግልጉን ፈሳሽ አወጣች። ማጣበቁን አጣበቀ። ከላይ ሲቀባም ደርቆ ያብለጨልጫል። ሰፈሩ ሁሉ እሾህ እየወጋው በለስ ሲሰነጥቅ ሰነበተ፤ አየሩ ራሱ አዲስ የታጨደ ሣር ይሸት ነበር።

የጎረቤት ልጆች የድሮ መጽሔትና የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነበራቸው። እኛ ቤት ቀለም ያለው ወረቀት ሁሉ ከሰል ማያያዣ ሆኖ አልቋል። ታናሽ እህቴ ካርታው ሥር ቆማ ወደ እናቴ ዞረች።

"ኣደይ፣ ከሱ ትንሽ ብንቆርጥስ?"

ክንዷን ቆነጠጥኳት። ንዴቴ የወረቀቱ አልነበረም። በዚያ ሰሞን ጎረቤቶች እናቴን ሐዘን እንደደረሰባት ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ማለት ጀምረው ነበር። ካርታውን ከቆረጥን ከነሱ ጋር የተስማማን መሰለኝ፤ አባቴን በገዛ እጃችን የቀበርነው መሰለኝ። እህቴ ክንዷን እያሻሸች፣

"አባባ ሲመጣ ሌላ ይሥላላ!" አለች፤ በዚህ ምን ያናድዳታል በሚል ዓይን እያየችኝ።

እናቴ አየቻት። ከዚያ ወንበር ላይ ወጣችና ሚስማሮቹን ነቀለች።

"ሓቅኺ ጓለይ፣ እውነትሽን ነው፤ ሲመጣ ሌላ ይሥላል። መቀስ አምጪ።"

መስኮቱ ሥር ብርሃን እስካለ ድረስ ተቀምጠን ጠቀለልን። እናቴ ትቆርጣለች፣ እኔ አጠነጥናለሁ፣ እህቴ በጣቷ በለስ ትቀባለች። ወንዙም ተራራውም ዶቃ ሆነ። ደሴ ላይ ሲደርስ የእናቴ መቀስ ቆመ። ያንን ሰፋ አድርጋ ቆረጠችውና ራሷ አንድ ትልቅ ዶቃ አደረገችው። ከመሳቢያ አንድ የጥፍር ቀለም ብልቃጥ አወጣች፤ ሥሩ ላይ የቀረችውን ጠብታ ጠራርጋ እሱን ብቻ ቀባችው። "ይቺን ለበለስ አላምናትም" አለች።

የበዓሉ ለት እህቴ ስታምር! ካርታው አንገቷ ላይ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ ሆኖ ያብለጨልጫል። ልጆቹ ጎረቤታችን ግቢ ገብተው ከበሮው ሲደምቅ ከቁሓ በኩል የመጣው ዝናብ ወረደባቸው። ክረምት ላይ በበለስ የሚተማመን ከኛ ሰፈር ሰው በቀር የለም። የደረቀው ዝልግልግ ውሃ ሲነካው መልሶ ዝልግልግ ሆነ፤ የሁሉም ዶቃ እየተተረተረ ደረታቸው ላይ ተለጠፈ፤ ነጭ ቀሚስ ሁሉ ዝንጉርጉር ሆነ። ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ቆማ "ኧረ በለስ ጉድ ሠራኝ!" ስትል ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እናቴም ሳቀች፤ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር። እየሳቀች እንባዋ መጣ፣ ከዚያ ሳቁ ቀረና እንባው ብቻ ቀጠለ። እህቴ ክሩ ላይ የቀረችውን አንዲት ትልቅ ዶቃ ይዛ በዝናቡ ውስጥ ሮጣ መጣች።

"ኣይዞኺ ኣደይ፣ ደሴ አልረጠበችም።"

መንገዱ ሲከፈት አባቴ መጣ። አንድ ከሰዓት በሩን አንኳኳ፤ ጠጉሩ ነጭ፣ ቀኝ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ። ምን እንዳገኘው አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅነውም። ባዶውን ግድግዳ አየ። እህቴ ዶቃዋን መዳፉ ላይ አስቀምጣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ወደ ብርሃኑ አዙሮ አያትና ፈገግ አለ። በማግስቱ እህቴ ሰፊ ወረቀትና የተቀረጸ ሰማያዊ እርሳስ አቀረበችለት። ሁላችንም ከበን ቆምን። አጎነበሰ። እርሳሱ ወረቀቱን ነካ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተነሳ።

"ሐይቁ ጠፋብኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ሌላ ቀን።"

እህቴ በነጋታውም እርሳሱን ቀረጸች፤ ከዚያም በኋላ ስንት ጊዜ። የሆነ ቀን ላይ ተወችው። መቼ እንደተወችው አላስተዋልኩም። ከሁሉ የሚያመኝ ይሄ ነው።

ዶቃ መጠቅለሉን ግን እሷው አስተማረችው። ለዶቃ እጅ ቢንቀጠቀጥም ግድ የለም። እኔ ከሥራ ቁራጩን በፌስታል አመጣለሁ፣ እሱ ይጠቀልላል፣ እሷ ቨርኒሽ ቀብታ ትሰካለች። እንደገባሁ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "ሰማያዊ አለው?" ብዙ ጊዜ የለውም።

ትናንት ሰማያዊ ሽፋን ቆርጠን ስለነበር አስቀርቼ ወሰድኩለት። ወዲያው መጠቅለል አልጀመረም። ቁራጮቹን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ደረደራቸው፤ ጫፍ ጫፋቸውን በጣቱ እየገፋ ክብ ነገር አደረጋቸው። አሁን ከኔ ቁመት የደረሰችው እህቴ ከጀርባው ቆማ አየች። ወደ ጓዳ ገባች፤ የእርሳስ መቅረጫ ድምፅ ሰማሁ።

ስትመለስ አባቴ የሐይቁን እኩሌታ ጠቅልሎት ነበር። የተቀረጸውን እርሳስ ይዛ ትንሽ ቆመች። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠች፣ አንድ ሰማያዊ ቁራጭ አነሳች፣ እርሳሱ ላይ ቀስ ብላ ታጠነጥነው ጀመር።