በጣቃው ላይ ያለችው ሻዲያ

ኤደን፣ ሀሽሚ ገበያ ውስጥ ሻዲያን የማያውቅ ልብስ ሰፊ የለም። ግራ ጆሮዋ አይሰማም፤ ሊያናግራት የፈለገ በቀኝ በኩል ይዞራል። ጆሮዋን የበላው የሽመና ማሽን ጩኸት ነው።

አብዮቱ የድሬዳዋ ሱቃቸውን ሲወርሰው የመናዊ አባቷ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኤደን ተመለሰ። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። በአሥራ ስምንቷ ቻይናዎች ባቋቋሙት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረች። ያስተማረቻት ቻይናዊት ሱሪዋ ጉልበቱ ላይ የተጣፈ፣ ምሳዋን ከሠራተኛው ጋር ተሰልፋ የምትቀበል ሴት ነበረች። ቁጡም ነበረች፤ ክር ተበጥሶ ማሽኑን ያላቆመችን ልጅ እጇን በመወርወሪያ ትመታለች። ሻዲያ ትፈራት ነበር፤ ሙያውን ግን አሟጣ ቀሰመች።

ከዚያ የየመን ጦርነቶች መጡ። ፋብሪካው ቆመ፣ ማሽኖቹ ዛጉ። የመምህርቷ አገር ግን ዓለም የሚፈራው ኃያል ሆነ፤ ሀሽሚ ውስጥ ከመርፌ እስከ ሶላር ከዚያ ያልመጣ ዕቃ ጠፋ። ሻዲያም የዚያኑ አገር ጨርቅ እየሰፋች ትኖራለች። በጣቷ አሸት ታደርገውና፣ “አንዴ ቢታጠብ አለቀለት” ትላለች።

የእህቷ ልጅ ኢሳም ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ እየተመላለሰ በዚሁ ጨርቅ የከበረ ነጋዴ ነው። በዒድ ምሳ ላይ፣ “እነሱ ሠርተው ተነሡ፤ እኛ ጫታችንን ይዘን ተቀመጥን” አለ።

ሻዲያ ሳህኑን ገፋችው። “ማነው የተቀመጠው? አሥራ ዘጠኝ ዓመት በቁሜ ሠርቻለሁ። ጆሮዬን የት ጥዬው የመጣሁ መሰለህ?”



ከወር በኋላ ሻዲያ፣ ሃዲል የምትባል ደንበኛዋ ለማሰፋት ያመጣችው ጨርቅ ላይ “የኤደን ሽመና” የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየች። ከጽሑፉ ሥር ማሽን አጠገብ የቆመች ወጣት አለች። ሻዲያ ራሷ ናት! ፎቶው በኢሳም እናት፣ በእህቷ ሳሎን የተሰቀለው ነው። ጨርቁን ዳሰሰችው፤ የቻይና ነው።

መቀሷን እንደያዘች ኢሳም ሱቅ ገብታ፣ ደንበኞች እያዩ ወረቀቱን ከየጣቃው ትገነጥል ጀመር።

“ኻላ፣ አንቺን አክስቴን ላከብር ብዬ እኮ ነው!” አለ እጇን ሊይዝ እየሞከረ።

“ልታከብረኝ? በቁሜ ቀብረህ ፊቴን ትሸጣለህ! ቻይናዎቹስ ባዕድ ናቸው፤ የደከሙት ላገራቸው ነው። አንተ የማን ነህ?”

“ያለነሱ ጨርቅ አንቺስ ምን ትሰፊያለሽ?”

ይበልጥ ተናደደችና ፊቷ የነበረውን ጣቃ በመቀሱ ሰነጠቀችው። ኢሳም ዘበኛ ጠርቶ አስወጣት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቷ ስልኳን አታነሳላትም። በሳምንቱ ወረቀቱ ላይ በሻዲያ ፎቶ ፈንታ ማንም የማያውቃት ፈገግ ያለች ሴት ወጣች፤ ጨርቁም እንደ በፊቱ ይሸጣል። ሻዲያ ኢሳም ያስመጣውን አልሰፋም በማለቷ ግማሾቹ ደንበኞቿ ጥለዋት ሄዱ። ሃዲል ልታስታርቃቸው ብትሞክር፣ “ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ ሰው እየሰማ ይቅርታ ይጠይቀኝ” አለቻት።

ኢሳም መልእክቱ ደርሶታል፤ እስካሁን ግን በሩ ላይ አልቆመም።