በክኒን ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሁለት ሰዓቶች

ቢሮ ውስጥ ስሟ «አይሆንም» ነው። ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አልጸጸትም። አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊቷ ተቀምጬ የምትጽፈውን ኮድ ስፈትሽ አንድም ቀን «እሺ፣ ይሁን» ስትል አልሰማሁም። መስኮት እንክፈት? አይሆንም። ሐሙስ እናስረክብ? አይሆንም። ስትናገረው ቁጣ የላት፣ ፈገግታ የላት፤ የነገውን አየር ሁኔታ የምታነብ ነው የሚመስለው።

የምንሠራው የክኒን ሳጥን ነው። በሽተኛው መድኃኒቱን በየስምንት ሰዓቱ እንዲወስድ ክዳኑ ይከፈታል፣ ይጮኻል፣ መልሶ ይዘጋል። እሷ የምትጽፈው የሳጥኑን ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ከሥር ሆኖ ሁሉን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያውን ሳጥን ለአባቷ ወሰደችው። አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ግፊት አለባቸው፤ አብራቸው የምትኖረው እሷ ብትሆንም ቀን ቀን ብቻቸውን ናቸው።

አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ ጎረቤት ደወለች። አባባ ኩሽና ውስጥ ወድቀው ተገኝተዋል። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ግፊታቸው ክፉኛ ወርዷል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አንድ ክኒን፣ አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ ሌላ ውጠዋል።

«ሳጥኑ ነው የሰጠኝ» አሉ።

ማን ይመናቸው! እኔ ራሴ አላመንኩም፤ ሳጥኑን የፈተሽኩት እኔ ነኛ። ታላቅ ወንድሟ እዚያው ኮሪደሩ ላይ «በቃ፣ አባባ ጃጅቷል። እስከ ወሩ መጨረሻ መፍትሔ ካላገኘሽለት አረጋውያን ማዕከል አስገባዋለሁ፤ ቦታም አነጋግሬያለሁ» አላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። አባባ ግን «ከቤቴ የምወጣው በአራት ሰው ትከሻ ነው» ብለው ከማሉ ቆይተዋል።

በማግስቱ «አይሆንም» የድሮውን ኮድ ከፈተች። እስከ ምሳ ከወንበሯ አልተነሳችም። ከዚያ «ና እይ» አለችኝ።

ሳጥኑ ሁለት ሰዓት አለው። አንዱ ፊቱ ላይ የሚታየው ነው፤ ማንም ሰው በቁልፍ ወደፊትም ወደኋላም ያዞረዋል። ሌላው ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ ከበራ ጀምሮ ሰከንድ ብቻ ይቆጥራል፣ ማንም አይነካውም። ኮዱ ውስጥ ግን ሁለቱም እንዲሁ ቁጥር ብቻ ናቸው፤ ቁጥር ደግሞ ከየት መጣህ ቢሉት አይናገርም። ስምንት ሰዓት ማለፉን የምታሰላዋ መስመር መውሰድ የነበረባት የውስጡን ነበር። የወሰደችው የፊቱን ነው። ስለዚህ የፊቱን ሰዓት ወደፊት የገፋው ሰው ካለ፣ ሳጥኑ ጊዜው ደረሰ ብሎ ይከፈታል።

«ማነው ይሄን የጻፈው?» አልኩ፣ አፌን ሞልቼ።

«እኔ። የፈተሸውስ?»

አባባ አልጃጁም ማለት ነው።

«መስመሯን አስተካክያትና ጨርሺ» አላት አለቃችን።

«አይሆንም። ነገ ሌላ ሰው ይደግመዋል።»

ለፊቱ ሰዓት ቁጥር አንድ ዓይነት መለያ፣ ለውስጡ ሌላ ዓይነት መለያ አወጣችላቸው። ከእንግዲህ አንዱን ከሌላው ጋር የሚደባልቅ ሰው ቢመጣ፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር ገና ሳጥኑ ጋ ሳይደርስ ይመልሰዋል። በመጀመሪያው ቀን ሦስት መቶ አርባ ሁለት ቦታ ላይ መለሰን። አሥር ስናስተካክል አሥራ ሁለት ይወጣል። አለቃው በየጠዋቱ እየመጣ «ዛሬስ?» ይላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ትለዋለች፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታየው። እኔን እያንዳንዷን መስመር ሁለት ጊዜ አስፈተሸችኝ። ተናድጄ ነበር፣ አልደብቅም። አንድ ቀን ሚስቴ ስንት ሰዓት ነው ስትለኝ «የትኛው?» አልኳት፤ እስከ ማግስቱ አላናገረችኝም።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ኮምፓይለሩ ዝም አለ። አዲሱን ፕሮግራም በአባባ ሳጥን ላይ ጫነችው። ሳምንቱን ሙሉ ሳጥኑ በየስምንት ሰዓቱ ብቻ ክኒን ሰጠ። ወንድሟ ሳጥኑ የያዘውን መዝገብ አይቶ «እሺ፣ ቤቱ ይቆይ» አለ። አለቃው ብስኩት ገዛ። የቀረው የሌሎቹን ደንበኞች ሳጥን መቀየር ነበር፤ ለዚያ በየቀኑ ታመሻለች።

ጉድና ጅራት ግን ከወደኋላ ነው። አዲሱ ፕሮግራም የሆነውን ሁሉ በሁለቱም ሰዓት ይመዘግባል። ዓርብ ከሰዓት መዝገቡን ሳገላብጥ አባባ የፊቱን ሰዓት በየቀኑ እንደሚያዞሩት አየሁ። ሳጥኑ ከኔትወርክ ትክክለኛውን እየወሰደ ይመልሰዋል፤ እሳቸው እንደገና ያዞሩታል። ሁልጊዜ የሚያቆሙት አንድ ቦታ ነው፤ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት።

«የሰዓቱን ማዞሪያ ቁልፍ እንዝጋባቸው?» አልኳት።

ስልኳን አንስታ ደወለችላቸው። ድምፁን ለቃው ስለነበር ሰማሁ።

«አባባ፣ ሰዓቱን ለምንድነው የምታዞረው?»

«አንቺ አይደለሽ አሥራ ሁለት ሲል እመጣለሁ ያልሽኝ?» አሉ። «ይኸው አሥራ ሁለት አደረግሁት። የታለሽ?»

ስልኩን ዘግታ መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበችው። ጠዋት ስትወጣ ሳጥኑን ትሞላለች፣ ማታ ስትገባ በመክፈቻዋ ከፍታ ታየዋለች፤ ሁለቱም ተጽፈዋል። በመካከላቸው የውስጡ ሰዓት የቆጠረው አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ትናንትም፣ ከትናንት በስቲያም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቦርሳዋን አነሳች። አለቃው ከበሩ «አሥር ሰዓት ላይ ስብሰባ አለን እኮ!» አላት።

«አይሆንም» አለችና ወጣች።

ሰኞ መዝገቡን አየሁት። ዓርብ ዕለት ሳጥኑን የከፈተችው፣ በውስጡ ሰዓት፣ ከቤት ከወጣች በስምንት ሰዓት ከሩብ ነው። በፊቱ ሰዓት ግን ልክ አሥራ ሁለት ይላል።