መብራት ሲመጣ የሚመጡት ሰው

ዱባይ ተራ ገበያ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር እኚያ አዛውንት የኮምፒውተር ባለሙያ እያለከለኩ የሕንፃችንን ደረጃ ይወጣሉ። ኮታቸው ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ ፍላሽ ዲስካቸውን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አስረውታል፤ ሲጠቀሙበት ግን አይቼ አላውቅም። ከጫማ ሱቄ ፊት ለፊት ያለው የጅምላ መደብር የሽያጭ መዝገብ የሚያዝበት ሰርቨር ኮምፒውተር ጠፍቶ ሲነሳ የተስተካከለለትን ሁሉ ይረሳል፤ እሳቸው ተቀምጠው ያንኑ ትእዛዝ እንደገና በቃላቸው ይጽፉለታል።

አንድ ቀን፣ "ጋሼ፣ እንዳይረሳው ማድረግ አይቻልም እንዴ?" አልኳቸው።

"ሲነሳ የሚያነበው ፋይል ላይ አንዲት መስመር መጨመር ነው" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከዚያ ወዲያ ግን ማን ይፈልገኛል፣ ልጄ?"

ይኸው መብራት ሳይጠፋ ሦስት ሳምንት አለፈ። ትናንት ደረጃው ላይ ብቻቸውን ቆመው አምፖሉን ሽቅብ ሲያዩ አገኘኋቸው።